የ«እሳቸው» ገበር

«ማዶ ለማዶ ነን፣ ባሕር ገብቶ መሃል…»

ከዚህ ወዲያ ያለው ጠፍቷታል። «እም… እም… እም» እያለች ዜማውን ብቻ ታስኬደዋለች። በእንግዳ ማረፊያው ክፍል መስታወት ፊት ቆማ ጉትቻዋን ስታደርግ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከመንገዱ ወዲያ እውነተኛው ባሕር ተንጣሏል። እስከ ዛሬ በዘፈን እንጂ በዓይኗ አታውቀውም። የዘፈኑ ባሕር ዝምተኛ ነበር፤ ይኼኛው ግን ድንጋዩን መታ አድርጎ ይመለሳል፣ ደግሞ መጥቶ መታ አድርጎ ይመለሳል። እሱም እንደሷ ሁለተኛው ስንኝ አልመጣ ብሎት የሚቸገር ይመስላል።

ዘፈኑን የማያውቀው የለም። ሰዉ ሁለተኛውን ስንኝ «ቀዛፊ የሌለው ጀልባ ምን ያደርጋል» ብሎ ይዘጋዋል። እሷ ባደገችበት ቤት ግን እንዲህ አልነበረም። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሰው ዘፈን እንኳ ወገቡን ሳያጠቡ፣ እጅጌውን ሳያሳጥሩ አይለብሱም። በስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው፣ እግራቸው ፔዳሉን እየረገጠ፣ የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ሰዉ ይሉና ሁለተኛውን ከገዛ ሆዳቸው ያወጡት ነበር። የጠፋችባት ያቺ የአባቷ ስንኝ ናት። ሌላ የሚያውቃት ሰው ስለሌለ የምትጠይቀው የላትም። አባቷን እንዳትጠይቅ ደግሞ ከተነጋገሩ ዘመን ሆኗቸዋል።

ይህችን ሴት የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ «ገልብጪው» ነው የሚሏት። የልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ቆማ ከሰፊዎቹ እጅ የሚመጣውን ሸሚዝና ጃኬት ትመረምራለች። ፊቱን አታየውም። «ገልብጪው እስቲ» ትላለች፤ ሰፊዋ ትገለብጠዋለች፤ የተንጠለጠለው ክር፣ የዘለለው ስፌት፣ ተቸኩሎ የታጠፈው ጠርዝ ሁሉ ያኔ ይወጣል። ይህን የተማረችው ከፋብሪካው አይደለም። ቁመቷ ገና ከስፌት መኪናው ሳይበልጥ አባቷ፣ «ፊቱን ተዪው፣ ፊቱን ማንም ያሳምረዋል። ገልብጪውና ገበሩን አሳዪኝ» ይሏት ነበር።

እያደር ልማዱ ከልብስ ወደ ሰው ተሻገረ። ባለሱቅ ሲያሞግሳት ሙገሳውን ገልብጣ ታየዋለች። ጎረቤት ብርቱካን ስትልክላት «ምን ፈልጋ ነው?» ሳትል አትልጠውም። ሐኪም «ደህና ነሽ» ቢላት፣ «ምነው እንዲህ ቶሎ?» ብላ ሌላ ሐኪም ጋ ሄዳ ታውቃለች። መቀመጥም አይሆንላትም። ነገሩ ታይቶ፣ ተመርምሮ፣ «አልፏል» ካልተባለ ጉልበቷ አይታጠፍም። ባሏ፣ «አንቺን ቁጭ ከማድረግ ሙሉ ጭነት በእጅ ማውረድ ይቀላል» እያለ ይቀልድባታል።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ድሮ ለአባቷ ሱቅ ጣቃ ጨርቅ ሲያመጣ ነው የተያዩት። ስለ እሱ ለአባቷ ስትነግራቸው መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ። «የሾፌር ቤቱ ጎማ ላይ ነው። ከሄድሽ በሩን ከውጭ ዝጊው» አሏት። ዘጋችው። ይኸው ሃያ አምስት ዓመት ሞላቸው። አባትና ልጅ በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ ገበያ መሃል ሲገጣጠሙ አንገት ከመነቅነቅ በቀር ቃል አልተለዋወጡም። «አባቴ ይክፈቱት» ትላለች ልጅ። «ልጄ ትክፈተው» ይላሉ አባት። በሩም የማንንም እጅ ሳያይ ዝጎ ቀረ።

ታዲያ ለጋብቻቸው ሃያ አምስተኛ ዓመት ባሏ ድንገት ተነሥቶ፣ «ባሕር አይተን፣ ዓሣ በልተን እንምጣ» ሲላት ከደስታው ቀድሞ ጥርጣሬው ደረሰ። ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ነገር መርጦ አያውቅማ! ካልሲውን የምትመርጥለት እሷ፣ የፀጉሩን አቆራረጥ የምትመርጥለት እሷ። አሁን ግን ከተማውን መረጠ፣ ቀኑን መረጠ፣ የሚለብሰውን ሸሚዝ ሳይቀር መረጠ። ስልኩንም ከሰሞኑ በግንባሩ እየደፋ ማስቀመጥ ጀምሯል። በግንባሩ የተደፋ ስልክ ደግሞ ለእንደሷ ዓይነቷ ሴት ስሟን ጠርቶ የሚጣራ ነገር ነው።

ከሁሉ የባሰው የሸሚዙ ነገር ነው። ባለፈው ወር፣ «ሲሚንቶ ጭኜ ወደ ተራራው ነኝ» ብሏት ሄዶ ሲመለስ ሸሚዙን ልታጥብ ገለበጠችው። በስፌቱ መሃል አንዲት የሲሚንቶ ብናኝ የለም። በምትኩ እጅጌው ውስጥ እንደ ጥፍር የቀጠነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ደረቅ ነገር ተለጥፎ አገኘች። ምን እንደሆነ አላወቀችውም፤ ባሏንም አልጠየቀችውም። በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀኑ ሲደርስ የሚገለበጥ ነገር ነው።

ከክፍላቸው ሲወርዱ እንግዳ ተቀባይዋ በፈገግታ ጠበቀቻቸው።

«ለእራት ዓሣ ካሰባችሁ ዳርቻው ላይ ያለው ትልቁ ቤት በጣም ጥሩ ነው። እኔ እንደላክኋችሁ ብትነግሯቸው ይንከባከቧችኋል።»

«ካልነገርናቸውስ አይንከባከቡንም?» አለች ገልብጪው።

ልጅቷ ያልጠፋ እስክሪብቶ መፈለግ ጀመረች። ባሏ ነገሩን ሊያበርድ ጣልቃ ገባ። «እናመሰግናለን እህቴ፣ እኛ የምናውቀው ቤት አለን።»

ደጅ እስኪወጡ ታገሠችው። «እኛ? የምናውቀው? እኔም እንዳንቺ ባሕር አይቼ አላውቅም ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«አፌ ነው ባክሽ። ልጅቷን ለመገላገል ብዬ ነው።»

«እሺ። እንግዲያው የምናውቀው ስለሌለ እኔ እመርጣለሁ።»

ሰውየው ሰዓቱን አየ። ሰዓቱን ማየቱንም እሷ አየች።

ዳርቻው ላይ ያለው ትልቁ ቤት አምፖል በአምፖል ሆኗል። በሩ ላይ ቀይ ክራባት ያሰረ ሰው እጁን ዘርግቶ፣ «ግቡ፣ ግቡ! ለባልና ሚስት የተለየ ቦታ አለን!» አለ።

«ባልና ሚስት መሆናችንን ማን ነገረህ? ወንድሜ ቢሆንስ?»

«ወንድምዎ ቢሆን ኖሮ ቦርሳዎን አይሸከምልዎትም ነበር።»

ባሏ ሳቀ። እሷም ልትስቅ ነበር፤ ግን እጇ ቀድሞ በሩ ጥግ ያለውን የጠረጴዛ ልብስ ጫፍ አንሥቶ ነበር። ከነጩ ጨርቅ ሥር ሌላ ጨርቅ አለ፤ ያኛው ላይ የትናንቱ ዘይት፣ ምናልባትም የትናንት ወዲያው፣ እንደ ካርታ ተስሏል። «ደህና እደሩ» አለች። ባለክራባቱን እጁን እንደዘረጋ ትተውት ወጡ።

ሁለተኛው ቤት ዓሣውን ደጅ ላይ በበረዶ ደርድሮ እዚያው ይጠብሳል። ጠባሹ እጅጌውን ሰብስቦ ዘይት ያንተከትካል።

«ትኩስ ነው?» አለችው።

«ኧረ ይፋጃል እትዬ! አሁን ከመጥበሻው መውጣቱ ነው።»

«ከባሕሩ መቼ ወጣ ነው የምልህ!»

«እሱን…» አለና ሰውየው ዓሣውን ራሱን የሚጠይቅ ይመስል ጎንበስ ብሎ አየው። ያኔ ነው ክንዱን ያስተዋለችው። ከክርኑ እስከ አንጓው ቀጫጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ጥፍር የሚያህሉ ነገሮች ተለጥፈውበት በአምፖሉ ብርሃን ያብለጨልጫሉ።

«ይኼ ክንድህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችው ጠጋ ብላ።

«ቅርፊት ነዋ፣ የዓሣ ቅርፊት። ልብስ ከያዘ አይለቅም። እዚህ መጥቶ ዓሣ የበላ ሁሉ አንድ ሳይሸከም አይሄድም።»

ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ሶፍቱን መፍታት አላስፈለጋትም። እንግዲህ ያ የሲሚንቶ ጉዞ ባሕር ነበረበት ማለት ነው። ዘወር ብላ ባሏን አየችው፤ እሱ ግን ዓይኑ ከወዲያኛው መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ መምረጡን ተወችው። ተወችውና ተከተለችው፤ ሰው ሲመራ ነው የሚጋለጠው ብላ። ሾፌሩ ከትልቁ ጎዳና ወደ አንዲት ጠባብ መንገድ ታጠፈ፣ ከጠባቧ ወደ ባሰች ጠባብ፤ መረብ በተሰጣበት ግድግዳ ሥር፣ ድመቶች በተኙበት ደረጃ። አንድም ሰው አልጠየቀም። መንገድ ላይ ንጹሕ ትንሽ ቤት አለፉ፤ በሩ ላይ የሎሚና የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ሽታ ቆሟል፤ ጠረጴዛዎቹ ገልብጠው ቢያዩአቸው የማያሳፍሩ ናቸው።

«ይኼ ጥሩ ነው። እዚህ እንግባ።»

«እዚህ አይሆንም» አለ።

አይሆንም! በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ከዚህ ሰው አፍ «አይሆንም» ሲወጣ ስትሰማ ገና አሁን ነው። «ኧረ? ይህን ሁሉ መንገድስ ማን ነገረህ?»

«ሾፌር አይደለሁ እንዴ? መንገድ በአፍንጫዬ ይገባኛል።»

«ሌላም ሳይሸትህ አይቀርም» አለች።

ቤቱ ድሮ ጀልባ የሚጠገንበት ነበር፤ ወለሉ ሳንቃ፣ መስኮቶቹ በባሕሩ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ገና በሩ ላይ ሳሉ በግራ እግሩ የሚያነክስ ጎልማሳ አስተናጋጅ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ በፈገግታ እየተጣደፈ መጣ።

«ጋሼ! እንደገና እንኳን ደህና መጡ! እሳቸውስ…»

ባሏ ሳለ። የጉሮሮ ሳል አልነበረም፤ ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ የሚያወጣው ድምፅ ነበር። አስተናጋጁ አፉን ገጠመ።

«እጄን ታጥቤ ልምጣ» አለና ባሏ ወደ ኩሽናው በር ገባ። የእጅ መታጠቢያው ግን በተቃራኒው በኩል መሆኑን የሚያሳየው ቀስት ፊት ለፊቷ ተስሏል።

እንደገና። እሳቸው።

ሁለቱንም ቃላት በልቧ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። «እንደገና» ግልጽ ነው፤ እሱ አልፏል፣ ገበርም የለውም። ያስቸገራት «እሳቸው» ነው። «እሷ» ብትባል ቀሚስ ለብሳ ትመጣለች፤ «እሱ» ቢባል ሱሪ ታጥቆ ይመጣል። «እሳቸው» ግን ከአንገት እስከ እግር በተዘጋ ካፖርት ውስጥ ነው የሚመጡት፤ ሴት ይሁኑ ወንድ ቁልፉ ሳይፈታ አይታይም። በእርግጥ «እሳቸው» የሚባለው ትልቅ ሰው ነው ብላ ራሷን ልታጽናና ጀምራ ነበር። ወዲያው አስተናጋጁ እናቷ ጉልበት ላይ ለተቀመጠች ሕፃን፣ «ለእሳቸው አንድ የብርቱካን ጭማቂ!» ብሎ ወደ ውስጥ ሲጮህ መጽናናቷ እዚያው ቀረ። እዚህ ቤት ለድመቱም «እርስዎ» ነው የሚባለው።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ። ቦታችሁ መስኮቱ ጋ ነው።»

«ቆሜ ይሻለኛል። የቅድሙን ጨርስልኝ እስቲ። እሳቸው ያልከው?»

አስተናጋጁ ፎጣውን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራው አዛወረ። «እኔ እንኳ… ጋሼ እንዳትናገር ብለውኛል።»

«ማን መሆናቸውን አትንገረኝ። ምን ለብሰው እንደነበር ብትነግረኝ ግን ምን ይልሃል? የልብስ ሠራተኛ ነኝ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው።»

በዚህ በኩል ያልተከለከለ መሰለውና ፊቱ ፈታ አለ። «ኮት ነዋ! እንዴት ያለ ኮት መሰለዎት፤ ሰውነታቸው ላይ የፈሰሰ። ሲገቡ ደግሞ መዓዛቸው ቤቱን አወደው። ጣቶቻቸውስ! እንዲህ ቀጠን፣ ረዘም ያሉ። ሹካ ሲያነሡ ሁሉ ያምርባቸዋል።»

ገልብጪው የራሷን ጣቶች ከቦርሳው ሥር ደበቀቻቸው።

«ይጫወታሉ?»

«መጀመሪያ ኩርፍ ብለው ነበር። በኋላ ግን ሳቁ ሳቁና እንባቸው ወረደ። ጋሼም እንዴት እንደሚንከባከቧቸው! ዓሣው ሲመጣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅመው፣ ሥጋውን ብቻ እያደረጉ በሳህናቸው ላይ ያኖሩላቸው ነበር። እኔ ሥራዬን ትቼ ነው የቆምኩት። እንዲህ ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም ብዬ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ።»

ይኼ ደረቷ ላይ ወደቀ። ኮቱን ችላው ነበር፣ መዓዛውንም፣ ጣቶቹንም። እሾህ መልቀሙን ግን አልቻለችውም። ሰው ለሰው እሾህ የሚለቅመው ዝም ብሎ አይደለም፤ ጎንበስ ማለት አለው፣ መታገሥ አለው፣ የራስን ማቀዝቀዝ አለው። ዓይኗን መስኮቱ ጋ ወዳለው ጠረጴዛ ወረወረች። ባሕሩ ይታያል፣ ሎሚው ተቆርጧል፣ ሳህኖቹ ተደርድረዋል። ሳህኖቹ ሦስት ናቸው።

ባሏ ከኩሽናው ወጣ። እጁ እውነትም እርጥብ ነበር፤ ግንባሩም እንደዚያው።

«ምነው ቆምሽ? ቁጭ በይ እንጂ የኔ ዓለም።»

«‹የኔ ዓለም› የምትለኝ ስታጠፋ ነው። ሦስተኛው ሳህን የማን ነው?»

«ትንሽ ብቻ ታገሺኝ። ቃል ገብቼ ነው።»

«ለማን? ለእሳቸው?»

ሾፌሩ አስተናጋጁን አየው። አስተናጋጁ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው የሚያየው ስላልነበረው ዝም አለ።

ገልብጪው ሶፍቱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ፈታችውና ቅርፊቷን በሦስተኛው ሳህን መሃል አኖረቻት። «ይኸውልህ ሲሚንቶህ። ከሸሚዝህ እጅጌ ነው ያወረድኩት።»

«ወይ ጉድ! ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይዘሽው ነው?»

«ሃያ አምስት ዓመት! አንድ ቀን እሾህ ለቅመህልኝ ታውቃለህ?»

«አንቺ ሴት፣ እኛ ቤት መቼ ዓሣ በልተን ነው የምለቅምልሽ?»

«መልቀም የፈለገ ሰው ከሩዝም ድንጋይ ይለቅማል!»

በአጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች መሳቅ ይገባቸው እንደሆነ ስላላወቁ ወደ ሳህናቸው አጎነበሱ። እሷ ግን አልቀለደችም። የቦርሳዋን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ሄደች። ሾፌሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ይህች ሴት ከዚህ በር ከወጣች መንገዷ ወደ ማረፊያው እንዳልሆነ ያውቃል፤ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ነው። አንድ በር ከውጭ ዘግታ ሃያ አምስት ዓመት ዘወር ብላ ያላየች ሴት ሁለተኛውን መዝጋት አያቅታትም።

«ስሚኝማ…» አለና ሁለት እርምጃ ተከተላት።

አስተናጋጁ ከበሩ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ብርጭቆ መወልወል ጀመረ። የባልና ሚስት ጠብ ፊት ለፊቱ ሲፈነዳ መግቢያ ያጣ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ያልሰማ ለመምሰል አንጎራጎረ።

«ማዶ ለማዶ ነን፣ ባሕር ገብቶ መሃል፣
ቀድሞ የቀዘፈ ምን ይጎድልበታል…»

እጇ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ።

ስንኟ የመጣችው ከጆሮዋ በኩል አይመስልም፤ ከእግሯ ሥር፣ ከሳንቃው ሥር፣ ከሩቅ የፔዳል ድምፅ ሥር ነው። ጨርቅ ጨርቅ የሚሸት ክፍል፣ መሬት ላይ የወደቀ ባለ ቀለም ቁርጥራጭ፣ አንዲት ሕፃን እሱን ስትለቅም። ቀድሞ የቀዘፈ ምን ይጎድልበታል።

«ምን አልክ?»

አስተናጋጁ ብርጭቆው ሊያመልጠው ነበር። «ምንም አላልኩም እትዬ!»

«ሁለተኛውን ድገመው። ሰዉ እኮ እንደዚያ ብሎ አይዘፍነውም።»

«እኔም እንደዚያ አላውቀውም ነበር። ባለፈው እሳቸው እዚያች መስኮት ጋ ሆነው…»

ሾፌሩ በዚህ ጊዜ አልሳለም። ቢስልም ባልተሰማ ነበር፤ ምክንያቱም ከኩሽናው ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ፣ ሻካራና ቁጡ፣ እንዲህ ሲል ወጣ፦

«ገልብጠው! ገልብጠው እልሃለሁ! የዚህን ጎኑን አየሁት፤ ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል! ሌላውን አሳየኝ!»

የ«እሳቸው» ካፖርት ቁልፎች አንድ በአንድ ተፈቱ። ሰውነት ላይ የፈሰሰው ኮት፣ ባለቤቱ ራሱ ካልሰፋው እንደዚያ የሚፈስ ኮት የለም። ቤቱን ያወደው መዓዛ፣ አባቷ ደንበኛ ለመለካት ሲነሡ አንገታቸው ላይ የሚያርከፈክፉት ሽቶ ነው። ጣቶቹ ዕድሜ ልክ መርፌ የያዙ ጣቶች ናቸው። እሾሁስ? ያረጀ ዓይን እሾህ እንደማያይ የምታውቀው እሷ አልነበረችም፤ ከአጠገባቸው አልነበረችማ። ያወቀው ሾፌሩ ነው።

«አባባ ናቸው?» አለች። ከሃያ አምስት ዓመት ወዲህ ይህችን ቃል ከአፏ ስታወጣ ገና አሁን ነው።

ባሏ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተነፈሰ። «ሱቃቸው ሄድኩ፣ ሱሪ አሳጥሩልኝ ብዬ። ዝም ብለው አሳጠሩልኝ። ሌላ ሱሪ ይዤ ሄድኩ፣ እሱንም አሳጠሩልኝ። ደግሞ ስሄድ፣ ‹አንተ ሰው፣ ሁሉንም ቁምጣ ልታደርገው ነው?› አሉኝ። ያኔ ሳቅን።»

«ሱሪዎችህ ያጠሩት ለዚህ ነው? እኔኮ ሌላ ሴት ዘመናዊ ሁን ብላህ ነው ብዬ…»

«‹ቤትህ አልመጣም፣ ቤቴም አትመጣም› አሉኝ። ማንም ያልዘጋው በር እንፈልግ ተባባልን። ‹ልጄ የባሕሩን ዘፈን ትወድ ነበር፣ ሳትጠግበው ነው የሄደችው› አሉኝ። ቤቱን ካልመረጥኩ ብለው እኮ ነው አብረን የመጣነው! ይህን ዳርቻ ሙሉ ዞርነው። የሁሉንም ጠረጴዛ ልብስ ገለጡ፣ ከአንዱ ቤት ተባረናል። አንቺን ሁለት ጊዜ ያገባሁ ነው የመሰለኝ። ከነገርካት እቀራለሁ ብለው ደግሞ አስማሉኝ። አሁንም እዚያ ዓሣ ይዘው ቆመዋል፤ አልወጣም ብለው።»

«ለምን?»

«ፈርተው ነዋ። ዓሣውን መርምሬ ልጨርስ ይላሉ።»

በአባትና በልጅ መሃል የቀረው ባሕር አንዲት የምትወዛወዝ የእንጨት በር ብቻ ናት። ገልብጪው በሩን አየች፣ ባሏን አየች። እጁ አሁንም እርጥብ ነው። ሁለት ግትሮች በሁለት ዳርቻ ቆመው ማን ይቀድማል ሲባባሉ የቀዘፈው ይህ ነው፤ ሱሪውን እያስቆረጠ።

ሄደች፤ በሩንም ገፋችው።

አባቷ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ከበሩ ወዲያ ቆመው ነበር። በሐሳቧ ከሚኖሩት ያንሳሉ፤ ኮቱ ውስጥ ተቀንሰዋል። አሁንም አላዩዋትም፣ ወይ ቀና ብለው ማየት ፈርተዋል። ንግግራቸው ለዓሣው ነበር።

«ዓሣው ደህና ነው። አይቼዋለሁ።»

ሃያ አምስት ዓመት ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፤ ረጅም፣ ጠርዙ የተሰፋ። ግን ዓይኗ ከልማዱ ሄዶ የኮታቸው ጫፍ ላይ አረፈ። ሳህኑን ለመያዝ ክንዳቸውን ሲያነሡ ኮቱ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል።

«አባባ፣ ገበርዎ ተተርትሯል።»

«አውቃለሁ። መርፌው ቀዳዳውን አላሳይ አለኝ። ክር የሚያስገባልኝ ሰው የለም።»

«ነገ እኔ እሰፋዋለሁ።»

«በእጅሽ ነው በመኪና?»

«በእጄ።»

«በእጅሽ ከሆነ ይሁን» አሉና ሳህኑን አቀበሏት። «አሁን ግን ቁጭ በይ። ይኼ ሾፌር አንቺን ቁጭ ለማድረግ ብሎ አንድ ሱሪ አልቀረውም።»

አስተናጋጁ ወንበር ሳበላት። የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ አላነሣችም። ባሕሩ መስኮቱ ሥር ድንጋዩን መታ አደረገ። ባሏ ሹካውን አንሥቶ እንደለመደው እሾሁን ሊለቅም ወደ አማቱ ሳህን ሲያዘነብል እጁን ያዘችው።

«አምጣ ወዲህ። የሁለታችሁንም እኔ እለቅማለሁ። አንተ የራስህን ስታቀዘቅዝ ነው የኖርከው።»

ለቀመች። ለአባቷ አኖረች፣ ለባሏ አኖረች። ከዓሣው ጀርባ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለራሷ ስታነሣ ሁለቱም ወንዶች መብላቱን ትተው አፏን ይጠብቃሉ።

«እህሳ?» አለ ሾፌሩ። «ትኩስ ነው?»

ዋጠችና፣ «በሁለቱም ትርጉም» አለች።